«ይቺ ምን ትባላለች?»

ስለ አገር በቀል ዕፅዋት ጥናት ቡድን፤ ለአዲስ ገቢ ሠልጣኞች የቀረበ ማብራሪያ

ዛሬ ልናጫውታችሁ የተነሣነው ስለ አንዲት አነስተኛ ቡድን ነው። ነገሩ የጀመረው ግን በኀፍረት ነው።

ለማስተማር ልምምድ ወደ ሮብ ገበያ በወጣን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ስለ አበባ ክፍሎች ያስተምር ነበር። ሥዕሉን በጥቁር ሰሌዳው ላይ አሳምሮ ሣለ፤ ወንዴውንና ሴቴውን ክፍል በቀለም ጠመኔ ለየ፤ «ገባችሁ?» ቢል ክፍሉ በሙሉ «አዎ!» አለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን ከደብተሯ ውስጥ አንዲት ቢጫ አበባ አውጥታ «ጋሼ፣ ይቺ ምን ትባላለች?» ስትል ጠየቀች። ጓደኛችን አገላብጦ አያትና «እ… ይቺማ የዱር አበባ ናት» አለ። «የዱር መሆኗንማ እኛም እናውቃለን!» ስትለው ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

በማግሥቱ ልጅቱ መልሱን ራሷ ይዛ መጣች። አያቷን ጠይቃ ኖሯል። አበባይቱ አምጃ ትባላለች፤ ከፍ ባለው ደጋ ትበዛለች፤ እንጨቷ ለማገዶ ይሆናል። እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። እኛ ስንት ዓመት የተማርን ሰዎች፣ ቅጠል ምግቡን እንዴት እንደሚያዘጋጅ በቃላችን የምንወጣው፣ በአጥራችን ጥግ የበቀለውን ቁጥቋጦ ስሙን አናውቅም። ፊደል ያልቆጠሩት አያት ግን ያውቃሉ። ይህ ነው ወደ ጥናት ቡድኑ ያስገባን።

የጥናት ቡድን ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው «የዕፅዋት ቡድን» ሲባል ችግኝ መትከል ብቻ ይመስለዋል። መትከል መልካም ሥራ ነው፤ ማንም አይጠላውም። የጥናት ቡድን ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ማየት፣ መለየት፣ መመዝገብና መጠየቅ ነው። የሚተክለው ሰው እንኳ የሚተክለውን ካላወቀ ምን ዋጋ አለው?

ሁለተኛው የተሳሳተ አስተሳሰብ ይህ ሥራ የሊቃውንት ብቻ ነው የሚለው ነው። እስቲ ወደ ውጭ አገር ወጣ ብለን አንድ ምሳሌ እንመልከት። በአውስትራሊያ በ1957 እ.ኤ.አ. የአገራቸውን ዕፅዋት ለማብቀልና ለማወቅ የሚፈልጉ ሰዎች አንድ ማኅበር አቋቋሙ። አብዛኞቹ አባላት እንጀራቸው በሌላ ሥራ የነበረ፣ ዕፅዋትን በፍቅር ብቻ የያዙ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች «የጥናት ቡድን» የሚሉት አሠራር አላቸው። አንዱ ቡድን የግራርን ወገን ብቻ ይይዛል፤ ሌላው ግራቪሊያን ይይዛል፤ ሌላው ደግሞ ባሕር ዛፍን። እያንዳንዱ አባል በጓሮው ያበቅላል፣ ያየውን ይጽፋል፣ ዘር ይለዋወጣል፤ መሪው ደግሞ የሁሉንም አሰባስቦ በመጽሔት መልክ ይበትነዋል። በዚህ ዓይነት አንድ ሰው ብቻውን ሊደርስበት የማይችለው እውቀት በብዙ ሰው እጅ ተጠራቀመ።

ልብ በሉ! ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደኛ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አሁን በየገበሬው ጓሮ በአገው ምድር የተስፋፋው ዲከረንስም፣ ግራቪሊያም ከዚያው አገር የመጡ ናቸው። እነሱ እኛ ዘንድ የሄደውን ዛፋቸውን በቡድን ተቀምጠው ሲያጠኑ፣ እኛ ኮሷችንንና አምጃችንን ስንት ሰዎች ሆነን አጠናን? ይህን የምንለው ባሕር ዛፍን ለመንቀፍ አይደለም። ገበሬው የተከለው ቶሎ ደርሶለት፣ ቤት ሠርቶበትና ሸጦት ስለሚጠቀም ነው፤ ሰውየው ሞኝ አይደለም። የእንግዳውን ዛፍ ጠባይ አውቆ የአገር በቀሉን አለማወቅ ግን ያሳፍራል ነው የምንለው።

በአገራችንስ?

በአገራችን መሠረቱ ተጥሎ ቆይቷል። ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ማኅደር፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ደግሞ በ1966 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ ሳይንቲስቱንም ተፈጥሮ ወዳዱንም በአንድነት በአባልነት ያቀፈ ማኅበር ነው።

ትልቁ ሥራ በ1980 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት ነው። የአዲስ አበባና የስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው፣ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርን፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውን፣ ሱ ኤድዋርድስንና ኢንጋ ሄድበርግን የመሳሰሉ ሰዎች በአዘጋጅነት ደክመውበት፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1989 እ.ኤ.አ. ወጣ። የመጨረሻው የወጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው፤ በጠቅላላው 8 ቅጽ ሆነ። በውስጡ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች ሲገኙ፣ ከመቶ አሥር ገደማ የሚሆኑት በዚህ አካባቢ ብቻ የሚበቅሉ ናቸው። በዚያ መጽሐፍ አገሪቱ በክፍል በክፍል የተመደበች ሲሆን ጎጃም ራሱን የቻለ አንድ ክፍል ነው። እንግዲህ አንድ ተክል «ጎጃም ውስጥ ታይቷል» ተብሎ ካልተመዘገበና እናንተ ሮብ ገበያ ላይ ካገኛችሁት፣ ያ ግኝት የናንተ ነው ማለት ነው። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል።

ዓይን የምንለውን በእንዶድ ምሳሌ እናስረዳ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከልብስ ማጠቢያው በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ናቸው። ከዚህ ተነሥተው በእንዶድ ቀንድ አውጣውን መቆጣጠር እንደሚቻል አሳዩ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚሁ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በእንዶድ ሲታጠብ ያላየ ማን አለ? ሁሉም አይቷል፤ ወረድ ብሎ ውኃውን የተመለከተ ግን ጥቂት ነው።

ለምን ሮብ ገበያ?

ሮብ ገበያ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ሽቅብ ሲወጣ በስናን ወረዳ፣ በጮቄ ተራራ እግር ትገኛለች። ጮቄ 4,100 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ጀደብና ሌሎችም ወንዞች ከዚያ ተነሥተው ወደ ዐባይ ይወርዳሉ። ለዕፅዋት ተማሪ ይህ መንገድ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ነው። ታች የገብስና የድንች ማሳ፣ በየቤቱ ዙሪያ ቀርቀሃና ባሕር ዛፍ፤ በየአጥሩ ቀጋ፣ እንዲሁም በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ኮሶና ጽድ። ወጣ ሲሉ አስታና አምጃ ይመጣሉ። ከዚያ በላይ ጓሳው ሜዳ ይከፈትና ጅብራ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጠብቃችኋል። በአንድ ቀን እግር ጉዞ ይህን ሁሉ የሚያሳይ ስፍራ ስንት አለ?

ገበያው ራሱም ትምህርት ቤት ነው። ገበያው በቆመበት ቀን ደብተር ይዛችሁ ዞር ዞር በሉ። ጌሾው፣ ጤና አዳሙ፣ ለማጠኛ የሚሆነው የወይራ ፍልጥ፣ የቀርቀሃው ቅርጫት… ሻጩን «ከየት መጣ? ማን ቆረጠው? ድሮስ ከዚህ ይርቅ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ተክል ከየት ያህል ርቀት እንደሚመጣ ከሰማችሁ በአካባቢው እየጠፋ መሆን አለመሆኑን ትገምታላችሁ።

የቤተ ክርስቲያን ደን ሌላው ሀብታችን ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት እንጨትማ ዕፅዋት አግኝተዋል። ዙሪያው ሁሉ ማሳ በሆነበት አገር ይህን ያህል ዓይነት ተጠብቆ የቆየው በአጥሩ ውስጥ ነው።

የስም ነገር

ቡድኑ ውስጥ ስትገቡ የሚያስቸግራችሁ የመጀመሪያው ነገር ስም ነው። «ኮሸሽላ» ሲባል አንዱ ቀይ አበባ ያለውን እሾኻም ቁጥቋጦ ያሳያችኋል፤ ሌላው ደግሞ አበባው እንደ ኳስ የተድቦለቦለውን ሌላ እሾኻም ተክል ያሳያችኋል። ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። «ጽድ» ሲባልም እንዲሁ ነው፤ የሐበሻ ጽድ አለ፣ የፈረንጅ ጽድ አለ፤ የፈረንጁ የሜክሲኮ አካባቢ ተወላጅ ነው። በተቃራኒው አንዱ ተክል በየአገሩ ስሙ ይለያያል፤ እኛ ጅብራ የምንለውን ጅባራ የሚሉትም አሉ።

የሳይንስ ስም ያስፈለገው ለዚህ ነው። ስዊድናዊው ሊነየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ቃል ያለው ስም ሰጠ፤ የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የራሱ። የኮሶ ስም ሀጌንያ አቢሲኒካ ነው። ታሪኩም ያስቃል። በ1770 እ.ኤ.አ. ሰከላ ድረስ መጥቶ የግልገል ዐባይን ምንጭ ያየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ኮሶን በመጽሐፉ ገልጾ፣ በእንግሊዛዊው ሊቅ በባንክስ ስም «ባንክሲያ» ብሎ ጠራው። ለካ ያ ስም ቀደም ብሎ ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ኖሯል! ስለዚህ በ1791 እ.ኤ.አ. ግመሊን የተባለ ጀርመናዊ «ሀጌንያ» ብሎ በሌላ ሰው ስም ሰየመው። አያቶቻችን ግን ያኔም ኮሶ ይሉት ነበር፤ አሁንም ኮሶ ነው። የሳይንሱን ስም ተማሩ፤ የአገሩን ስም ግን አስቀድማችሁ ጻፉ። የሳይንሱ ስም በመጽሐፍ ተጽፎ ይኖራል፤ የአገሩ ስም ተናጋሪው ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ስም ለማመሳከር የወልደ ሚካኤል ቀለቻ የዕፅዋት ስሞች መዝገብ እና የአዘነ በቀለ ተሰማ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የተሰኘው መጽሐፍ ለጀማሪ እጅግ ይረዳሉ።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

አንደኛ፤ አንድ ሰው አንድ ተክል ይመርጣል። ሁሉን ላጥና የሚል ምንም አያጠናም። ተክሉን ዓመቱን ሙሉ ይከታተላል፤ መቼ አቆጠቆጠ፣ መቼ አበበ፣ ምን ወፍ ወይም ንብ ጎበኘው፣ ዘሩ መቼ ረገፈ፣ ማን ለምን ይጠቀምበታል። ለምሳሌ ኮሶን የያዘች አባላችን ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ እንደሆነ ያወቀችው በዚህ ዓይነት ነው። የሴቴዋ አበባ ይበልጥ ቀላ ይላል።

ሁለተኛ፤ ናሙና ማድረቅ። ቅጠልና አበባ፣ ቢቻል ፍሬም ያለውን ቅርንጫፍ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ዘርጋ አድርጎ፣ ከላይና ከታች ካርቶን አድርጎ፣ በጠፍር ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ጋዜጣው በየቀኑ መለወጥ አለበት። እኛ በመጀመሪያው ጊዜ ሳንለውጥ አምስት ቀን ትተነው በሻጋታ ተበላ፤ ሽታው እስካሁን አይረሳንም።

ሦስተኛ፤ ወረቀት መለጠፍ። የአገሩ ስም፣ የነገረን ሰው ዕድሜና መንደር፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ የአበባው ቀለም። ቀለም ሲደርቅ ይጠፋል፤ ስለዚህ እዚያው ቆማችሁ ጻፉት። ወረቀት የሌለው ናሙና ድርቆሽ ነው።

አራተኛ፤ የእጅ ስልክ ያለው ሰው ፎቶ ያንሣ፤ ሙሉ ተክሉን፣ ቅጠሉን በፊትና በጀርባው፣ አበባውን ከቅርብ። ፎቶ ናሙናን ባይተካም መንቀልን ይቀንሳል።

የሠራነው ጥፋት

ይህን ሳንናገር ብናልፍ ታማኝነታችን ይጎድላል። በመጀመሪያው የጮቄ ጉዟችን አንድ ያበበ ጅብራ አገኘን። ከሰው ቁመት እጅግ ይበልጣል። «ይህን ይዘን ብንገባ ተቋሙ ሁሉ ይደነቃል» ብለን የአበባውን አገዳ ቆረጥነው፤ ተሸክመንም መውረድ ጀመርን። ከብት ሲጠብቁ የነበሩ አንድ አባት አስቆሙን።

«እናንተ ልጆች፣ ምን አድርጋችሁ ነው?»

«ለትምህርት ነው አባባ።»

«እሷ እኮ አንድ ጊዜ ወልዳ የምትሞት ናት። ሳትወልድ ገደላችኋት።»

ስንመለስ መጽሐፍ ገለጥን። እውነታቸውን ነው። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይቆይና አንድ ጊዜ ያብባል፤ እጅግ ብዙ ደቃቅ ዘር ይበትናል፤ ከዚያ ይደርቃል። ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ውጪም አይገኝም። እኛ ለአንድ ቀን አድናቆት ብለን የስንት ዓመት ዝግጅቱን በቢላዋ አቋረጥንበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ አወጣን፦ ሃያ ካላየን አንድ አንቆርጥም፤ ጅብራን ደግሞ ጨርሶ አንነካም።

ከዚህ ጋር ሌሎች ሕጎችም አሉን። ከሰው ማሳና አጥር ባለቤቱን፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አስተዳዳሪውን ሳናስፈቅድ ቅጠል አንቀጥፍም። የማናውቀውን አንቀምስም፤ የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይን ይጎዳል፤ እንዶድ ቢጠጣ መርዝ ነው፤ ኮሶም ቢሆን ከመጠን ካለፈ ሰው ይጎዳል። መድኃኒት አናዝም። ባለ መድኃኒቱ ሊነግረን የማይፈልገውን ምሥጢርም አንጨቀጭቅም፤ ስሙን ከነገረን ይበቃናል።

ማን ይገባል? ምንስ ይጠቅመዋል?

መግባት የሚሻ ሁሉ ይገባል። የሳይንስ ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጥሩ ሥዕል የምትሥለው አባላችን የቋንቋ ሠልጣኝ ናት። መዋጮው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና የቆየ ጋዜጣ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን፤ እያንዳንዱ ስለያዘው ተክል ያየውን ለሌሎቹ ይናገራል። ያላየ ሰው «አላየሁም» ይላል፤ አይወቀስም፤ ፈጥሮ የሚናገር ግን ይወቀሳል።

«ታዲያ ምን እናገኝበታለን?» የሚል አይጠፋም። ደመወዝ አይጨምርም፤ ይህን በግልጽ እንናገራለን። ግን ነገ ተመርቃችሁ የምትመደቡት ቤተ ሙከራ ወደሌለበት ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን የሚያውቅ መምህር ቤተ ሙከራው ደጃፉ ላይ ነው። ለአበባ ክፍል አምጃ አለው፤ ለዘር መበተን የቀጋ ፍሬ አለው፤ ለቅጠል ቅርጽ አጥሩ ሁሉ መጽሐፉ ነው። ተማሪዎቹም የጥናት ቡድን ይሆኑለታል፤ ልጅ ወደ ቤቱ ገብቶ አያቱን ሲጠይቅ ደግሞ አያትም አስተማሪ ይሆናሉ።

በመጨረሻ የሚከብደንን እንናገር። በመግቢያችን የጠቀስናት ልጅ አያት ዘንድ ደብተር ይዘን ሄደን ነበር። ቡና አፍልተው፣ ቆሎ አቅርበው የ23 ዕፅዋት ስም ነገሩን። መሽቶ ስንነሣ «ገና ምኑን ነገርኳችሁና! ከክረምት መልስ ኑ» አሉን። ከክረምት መልስ ስንሄድ እሳቸው አልነበሩም። ያ ደብተር አሁን በእጃችን ነው፤ ከ23ኛው ቁጥር በታች ያለው ገጽ ባዶ ነው።

ከቡድኑም ዘንድሮ የቀረነው አራት ብቻ ነን፤ ሌሎቹ ተመርቀው በየወረዳው ተመድበዋል። እኛም በዓመቱ መጨረሻ እንሄዳለን። የሚረከበን ካላገኘን ደብተሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥና የአይጥ ሲሳይ ይሆናል። ስለዚህ፣ ውድ አዲስ ገቢዎች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ የግድግዳ ጋዜጣው ሥር እንጠብቃችኋለን። ስትመጡ ከመንገዳችሁ ዳር ስሙን የማታውቁትን አንድ ቅጠል ብቻ ይዛችሁ ኑ። እኛም ላናውቀው እንችላለን። አብረን ሄደን የሚያውቀውን ሰው እንጠይቃለን።